የኦቦ ቀጄላ ባርኔጣ

«እና አንተ ልጅ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ አብራኝ የምትሠራው የሶሬቲ አባት ኦቦ ቀጄላ ናቸው። ላፍቶ፣ ግቢያቸው በር ላይ፣ በግንቦት ወር አንድ እሑድ።  አሁን ይህን ስጽፍም ትክክለኛ መልስ ያለኝ አይመስለኝም።

«ኦንላይን ነው፣ አባባ» አልኩ።

«ኦንላይን ምን?»

«ዕቃ እናያለን።»

«ዕቃ ታያላችሁ።» ቃሉን እንደ ጉርሻ አላመጡት። «እኔም እዚህ በር ላይ ተቀምጬ ሲያልፍ የሚውለውን ዕቃ ሁሉ አያለሁ። እስካሁን ግን የከፈለኝ ሰው የለም።»

ሶሬቲ ከኋላቸው ቆማ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።  ፖላንድ ስድስት ዓመት የጨርቃጨርቅ ምህንድስና ተምሬ፣ በሰው ቋንቋ የመመረቂያ ጽሑፌን አስረድቼ የተመለስኩ ሰው፣ ላፍቶ በር ላይ ተንተባተብኩ።

«የት ነው የምትኖረው ታዲያ?»

«ጀሞ። ኮንዶሚኒየም፣ ከእናቴ ጋር።»

«በወንዙ በኩል ያለው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እሱማ የአባቴ ባቄላ ማሳ ነበር።» ከንፈራቸው ዳር ላይ ፈገግታ መጣና ሄደ። «እንቅልፍ እንዴት ነው? ባቄላችን ላይ ይመቻል?»

ቀልድ ነው። ሶሬቲም በኋላ «አባዬ የወደደውን ነው የሚያሾፍበት፤ ያልወደደውን ሰው ስለ ዝናብ ነው የሚያዋራው» ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ በእናቴ ሳሎን ስመላለስ እግሬ ሥር ባቄላ የሚበቅል ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ነኝ። ሰው አገር እንግዳ ነበርኩ፣ አገሬም ገብቼ እንግዳ ነኝ። የቆምኩበትን መሬት ሳልጠራጠር የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ያን ቀን ኦቦ ቀጄላ ግራጫ ባርኔጣ አድርገው ነበር። እንጀራዬ ዕቃ ማየት ሆኖ ሳለ፣ ያን ባርኔጣ አላየሁትም። ዓይኔ ዓይናቸውን ሲፈራ ዋለ።

*

ቢሯችን ከኦቦ ፈየራ ጎሚስታ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። እሳቸው ከታች ጎማ ሲነፉ የኛ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። ንብረታችን አንድ አጉሊ መነጽር፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ የብር ኖት መለያ ሰማያዊ መብራት፣ ዕቃ የምንዘረጋበት ነጭ አንሶላ፣ ሁለት ዱካ። የቴሌግራም ቻናላችን ስም «ሁለት ዓይን» ነው። ስሙን ያወጣችው ሶሬቲ ናት።

እሷ ውጭ አልተማረችም። መርካቶ አራት ዓመት ጫማ ሸጣለች። እኔ በመጽሐፍ የማውቀውን እሷ በአውራ ጣቷ ታውቀዋለች። አንድ ስፌት ዳብሳ «ይቺ እዚሁ ነው የተሰፋችው፣ ሰፊውም የቸኮለ ነው» ስትል፣ እኔ በአጉሊ መነጽር ሩብ ሰዓት ፈልጌ እዚያው እደርሳለሁ።

ሕጋችን አንድ ነበር። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር እንሰጣለን። ሁለታችንም ለየብቻ እናየዋለን፣ ኦርጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ የሚለውን ፍርዳችንን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈን እናጥፋለን፣ ከዚያ እኩል እንገልጣለን። ወረቀቶቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር።

ፍቅራችንም ከዚያ ቆርቆሮ ነው የወጣው። አንድ ቀን፣ ስለ አንድ የሴት ቦርሳ የጻፈችውን ስገልጥ «ፎርጅድ» ከሚለው ሥር በትንንሽ ፊደል «ሸሚዝህ ግን ኦርጅናል ነው» ይላል። ቀና ስል በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች፣ ጆሮዋ ቀልቷል። በማግስቱ እኔም ሥር ሥሩን ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ሰው የላከልን ጫማና ሽቶ ሁሉ ለኛ የደብዳቤ ሰበብ ሆነ። አፍ አውጥተን ያልተባባልነውን ሁሉ በእጥፋት ሥር ተባባልን። 

*

ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ስምንት የመጣው ከላፍቶው እሑድ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት ነው። የላከው ኑረዲን የሚባል ባለሱቅ ነበር። «ዕቃው የኔ አይደለም» ይላል መልእክቱ። «አንድ አባት ናቸው። ልጃቸው ከጣሊያን የላከላቸው ባርኔጣ ነው። ከጣሊያን መሆኑን ብቻ ንገሩኝ ነው የሚሉት።» አራት ፎቶ አብሮ አለ፤ ሁሉም የባርኔጣው የውስጥ ክፍል።

ለመለየት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በግንባር በኩል የሚዞረው ቆዳ ቆዳ አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው። የጣሊያንኛው ጽሑፍ ፊደል ጎድሎታል። ጽፌ አጠፍኩ። ሶሬቲ ግን ስልኩን ይዛ ብዙ ቆየች። ጻፈች፣ አጠፈች፣ እንደገና ከፍታ ጻፈች፣ አሁንም አጠፈች።

ስገልጠው «ኦርጅናል» ይላል።

«ምን?» አልኩ ሳቄ እየመጣ። ወረቀቱን ቆርቆሮው ውስጥ ወረወርኩት። «ሶሬ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው! አላየሽውም?»

«አይቻለሁ።»

«እና?»

«ካልተስማማን 'አልለየንም' እንላለን። ሕጋችን ነው።»

«ለሕፃን ልጅ ግልጽ የሆነ ነገር 'አልለየንም' ብዬ ስሜን ላበላሽ?»

«ቴዎ፣ በናትህ። ሕጋችን ነው» አለች። ድምፅዋ ወርዶ ነበር። ሻይ ላምጣ ብላ ወረደች።

ለኑረዲን የጻፍኩለት እሷ ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ነው። «ፎርጅድ። ጣሊያን አልተሠራም። መርካቶ የሚሸጥ ነው።» ስትመለስ በኩራት ነገርኳት። ሁለቱን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ አንዱንም አልጠጣችም። መሳሳቷ ከንክኗት ነው አልኩ በልቤ። አንድ ስህተት እንዲህ ታሳዝናታለች ብዬ እንዲያውም ወደድኳት። ሲመሽ በእጥፋት ሥር «አይዞሽ፣ ዓይን ይደክማል» ብዬ ጻፍኩላት።

ወንድም እንዳላት አውቅ ነበር። ሞልቱ ይባላል፤ «ውጭ ነው» ብላኛለች። የት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እኔን ሰው ሲጠይቀኝ ስለማልወድ፣ አለመጠየቅ ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

*

በሰኔ ሽማግሌ ላክሁ። መሪው የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ገሠሠ ናቸው፤ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ደብዳቤ እንደ ዜና የሚያነቡ ሰው። አብረዋቸው የሄዱት ኦቦ ፈየራ ናቸው፣ ከላፍቶ ወገን፣ ሁለታችንንም የሚያውቁ። ኦቦ ቀጄላ በመጀመሪያው እሑድ የሰጡት መልስ ይህ ነው፦

«ልጁን አልጠላሁትም። ሥራው ግን አልገባኝም። አገር ምድሩ 'ኦንላይን' ይላል። ምን እንደሚሠራ በወረቀት ይጻፍልኝ፣ እናንተ በሚቀጥለው እሑድ አንብቡልኝ። ልጄን የምሰጠው በገባኝ ነገር ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ ጻፍኩ። ሶሬቲ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ልታይ ስትሞክር ወረቀቱን በደረቴ ሸፈንኩት።

«አሳየኛ!»

«አይቻልም። አንቺ ከሙሽራዋ ወገን ነሽ።»

«አባቴን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሞኞ። ምን እንደሚያስቀይመው አውቃለሁ።»

«አንብበሽ 'አልለየንም' እንድትዪ ነው?» አልኳት እየሳቅሁ።

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «እሺ» አለች። «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ።» ከዚያ እጄን ይዛ መዳፌን ጉንጯ ላይ አስደገፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ያ እንዴት ያለ ቅዳሜ ነበር! ከታች ኦቦ ፈየራ ጎማ ይነፋሉ፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ጉንጯ መዳፌ ውስጥ ነው፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የቆምኩበትን መሬት አልተጠራጠርኩም።

የጻፍኩት ይህን ነበር፦

«የተከበሩ ኦቦ ቀጄላ፣ የተከበሩ አዴ ገላኔ፤

ሥራዬን በአጭሩ ላስረዳ። ዛሬ ሰው ጫማም ሽቶም፣ ስልክም የሕፃን ወተትም የሚገዛው ብዙ ጊዜ ፎቶ ብቻ አይቶ ነው። ሻጩ ኦርጅናል ነው ይላል። ሻጭ ሌላ ምን ይላል? ገዢው ዕቃውን የሚያውቅለት፣ በሽያጩ ግን የማይጠቀም ሰው ያስፈልገዋል። እኛ እንደዚያ ያለ ሰው ነን። ገዢው ዕቃውን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከውስጥ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልናል፤ ጥቂት ብር ይከፍላል። ስፌቱን፣ ፊደሉን፣ ማሸጊያውን ከትክክለኛው ጋር እናስተያያለን። እኔና ባልደረባዬ፣ ማለትም ልጅዎ ሶሬቲ፣ አንዳችን የሌላችንን ሳናይ ፍርዳችንን እንጽፋለን። ከተስማማን ለገዢው እንነግረዋለን። ካልተስማማን አልለየንም ብለን ብሩን እንመልሳለን። ዕቃ አንሸጥም። ከሻጭም ምንም አንቀበልም። የምንሸጠው እውነት ብቻ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በመጋቢት ወር አንድ አባት ልጃቸው ከጣሊያን የላከላቸውን ባርኔጣ አሳዩን። ባርኔጣው ጣሊያንን አይቶ አያውቅም፤ እዚሁ መርካቶ የሚሸጥ ነው። መራራ ነበር፤ ግን ሁለታችንም ተስማምተን እውነቱን ነገርናቸው። እኚያ አባት ዛሬ በማንም አይታለሉም። ልጅዎንም በዚህ እውነት አኖራታለሁ።»

«ሁለታችንም ተስማምተን» የሚለውን ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ያለሱ አያምርም ብዬ አለፍኩት።

*

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከግቢያቸው ፊት ለፊት ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ልጁ ሽማግሌ ሲልክ ራሱ አይገባም፤ ወጉ ነው። የጋሽ ገሠሠ ድምፅ በአጥሩ አልፎ ቃል በቃል ባይሆንም ዜማው ይሰማኛል። እያነበቡ ነው። ዜማው ከፍ አለ፣ ወረደ፣ አበቃ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ዝምታውን በጎ አድርጌ ተረጎምኩት፤ ገብቷቸው ነው አልኩ።

ከዚያ የሴት ድምፅ ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ጋሽ ገሠሠ የወጡት መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው ነው። ኦቦ ፈየራ ከኋላ ናቸው፣ አላዩኝም፣ ወይም ማየት አልፈለጉም።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው የሰጠኸኝ ልጄ?» ከንፈራቸው ደርቋል። «አንብቤ ቀና ስል፣ ሰውየው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል። አፉን ወደ ላይ። ውስጡ ይታያል። ሰው ሁሉ ያየዋል። እናትየዋም አየችው።»

«የሳቸው ነው?» የሚለው ቃል ከአፌ ሳይወጣ እግሬ ሥር ያለው መሬት ከዳኝ።

«እናትየዋ 'ታዲያ ሞልቱ የት ነው?' አለች። ባሏን ሳይሆን ልጅቷን ነው የጠየቀችው። ከዚያ...» ቃሉን አልጨረሱትም። ጩኸቱን ሰምቻለሁና መጨረስ አላስፈለጋቸውም።

«ኦቦ ቀጄላስ? ምን አሉ?»

«አመሰገኑ።» ጋሽ ገሠሠ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «'ልጁ በደንብ አስረድቷል፣ ሥራው አሁን ገባኝ' አሉ። 'ሂዱና ገብቶታል በሉት።'»

*

ሶሬቲ ከበሩ ወጥታ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ደብዳቤው በእጇ ነው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ የምይዘው ነገር ይኖረኝ ነበር።

«ሶሬ፣ አላወቅሁም። እግዚአብሔርን፣ አላወቅሁም።»

«አውቃለሁ አለማወቅህን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባርኔጣውን የገዛሁት እኔ ነኝ።» ፊቴን አላየችም፤ የምታየው ደብዳቤውን ነው። «ሞልቱ ለመጨረሻ ጊዜ ከሊቢያ ከደወለ ሁለት ዓመቱ ነው። በባሕር እሻገራለሁ አለ፣ ከዚያ የለም። እናቴ እህል አልወርድ ብሏት ልትሞትብን ነበር። መርካቶ ሄጄ ገዛሁት። 'ጣሊያን ደርሷል፣ በሰው ላከው፣ ስልክ የለውም' አልኳት። በዚያ ባርኔጣ ነው መብላት የጀመረችው። ገባህ? ባርኔጣ አይደለም ያየኸው።»

«እና አባትሽ...»

«አባቴ ጠርጥሮ ነበር። የሚያይለት ሰው ፈለገ፣ ኑረዲን የኛን ቻናል ነገረው። ባለቤቶቹ እኛ እንደሆንን ማንም አላወቀም። ፎቶውን ሳየው የገዛሁትን ሱቅ ሽታ ሳይቀር አስታወስኩ። 'አልለየንም' ብንል ይበቃው ነበር። አለመለየት ማለት ተስፋ ነው፣ ቴዎ። አንተ ግን ልክ መሆን ነበረብህ።»

«እኔ እውነቱን...»

«እውነት አትበለኝ!» ደብዳቤውን ደረቴ ላይ ገፋችው። «'ሁለታችንም ተስማምተን።' ይቺን ማነው የጻፋት? አባቴ ፊት ተቀምጬ፣ የኔ ስም ተጠርቶ፣ ተስማምታለች ተብሎ ሲነበብ ሰማሁ። እናቴ ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። የኔ ባርኔጣ ለሰው ተብሎ የተዋሸ ነው። የአንተ ደብዳቤስ? ለማን ነው የዋሸኸው?»

 ደብዳቤው እንዲያምር ነው ልበላት?

«አባቴ ከመጋቢት ጀምሮ ያውቃል» አለች፣ ድምፅዋ አሁን ለስልሶ፤ ከቁጣዋ ይልቅ መለስለሱ ገደለኝ። «ዛሬ ሽማግሌዎቹ ከመነሳታቸው በፊት፣ ሁሉም እየሰማ፣ 'ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ እንደገዛሽው ኑረዲን መልሱን ያነበበልኝ ዕለት ገብቶኛል' አለኝ። 'ያላወለቅሁት አንቺ ስለሰጠሽኝ ነው' አለ። ሦስት ወር ሙሉ እሱ ለኔ ብሎ፣ እኔ ለነሱ ብዬ፣ ቤታችን ቆሞ ነበር።»

«ቢያንስ ለኔ ንገሪኝ እንጂ! ሦስት ወር አንድ ክፍል ውስጥ...»

«ጽፌልህ ነበር።»

«ምን?»

«ጽፌልህ ነበር፣ ቴዎ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችው። አንድ ዕቃ አገላብጣ፣ ዳብሳ፣ የት እንደተሠራ ካወቀች በኋላ የምታየው ዓይነት አስተያየት ነበር። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ በሰው ዕቃ ላይ። «አንተ የምታየው ዕቃውን ብቻ ነው» አለች። «ሂድ አሁን። እናቴ ብቻዋን ናት።»

ከግቢው ውስጥ የእናቷ የአዴ ገላኔ ድምፅ ይሰማል። አሁን ጩኸት አይደለም፤ ስም ነው። አንድ ስም፣ ደጋግማ፣ ልጅ ከጨዋታ እንደሚጠራ።

*

ሰኞ ሶሬቲ አልመጣችም። ማክሰኞ ኦቦ ፈየራ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡና የሷን ዱካ አንስተው «ልጅቷ አጉሊ መነጽሩ የሷ ነው ብላለች» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ከበሩ ሲደርሱ ዞር ብለው «ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜ ገባ፣ አይደል?» አሉ። አዎ አልኩ። ሶሬቲ ስለ ዝናብ የሚያዋሩት ምን ዓይነቱን ሰው እንደሆነ የነገረችኝ ትዝ ያለኝ ከወረዱ በኋላ ነው።

የብስኩቱን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ሦስት መቶ አሥራ ስምንትን ለማግኘት ብዙ ቆየሁ፣ በየመሐሉ ሸሚዜን፣ ሳቄን፣ ስለ እኔ የጻፈችውን ሁሉ እያገኘሁ። በመጨረሻ አገኘሁት። ሁለት ጊዜ የታጠፈ ነው። በመጋቢት አንዱን እጥፋት ብቻ ገልጬ፣ «ኦርጅናል» የሚለውን አንብቤ ነበር የወረወርኩት።

ሁለተኛውን እጥፋት ገለጥኩት።

«የአባቴ ነው። ምሽት ላይ ሁሉንም እነግርሃለሁ። አሁን ዝም ብለህ እመነኝ።»

ያን ምሽት እኔ ነበርኩ የጻፍኩላት። አይዞሽ፣ ዓይን ይደክማል ብዬ። አንብቦ ነው ይህን የጻፈልኝ ብላ ይሆን ያልነገረችኝ? ወይስ አለማንበቤ ገብቷት? ይህንንም አላውቅም።

ስልኬን አንስቼ ረጅም ነገር ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ሌላ ጻፍኩ፣ በጣም አማረልኝ፣ ስላማረልኝ አጠፋሁት። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ነው፦ «ሁለተኛውን እጥፋት ዛሬ ገለጥኩት። ሞልቱን አብረን እንፈልገው። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ከመልእክቱ ጎን ያለው የራይት ምልክት አንድ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ሆነ፤ አንብባዋለች።

ያ በሰኔ ነበር። አሁን ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ሰዎች አሁንም ጫማቸውን፣ ሽቶአቸውን ይልኩልኛል፤ ለሁሉም «አልለየንም» እያልኩ ብራቸውን እመልሳለሁ። ከታች ኦቦ ፈየራ ጎማ ሲነፉ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ላዩ ላይ ያለው ስልክም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጎማ መሆኑን አውቃለሁ። ሁልጊዜ ግን አነሳዋለሁ።